ኒ ላይ የሚመለሰው ዜማ

ማርጋዚ 17 ቀን፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ

ለእትዬ ማራጋታም፣

ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ጀምሬ ቀድጃቸዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቄሽ ኖሬአለሁ። ዛሬ ልነግርሽ ቆርጫለሁ፤ ግን አፌም እጄም አልታዘዝ ብሎኛል። መጀመሪያ ሰላምታዬን ላድርስ፤ እስከዚያው ልቤ ይረጋ ይሆናል።

እንደምን አለሽልኝ እትዬ? ባለፈው የጻፍሽልኝ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ኢላንጎስ፣ ያ የፋብሪካው ብናኝ የሚቀሰቅስበት ሳል ለቀቀው? ትንሿ ቴንሞዚ እንዴት ናት? ግድግዳ ይዛ ትቆማለች ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ሳትሮጥ አትቀርም። የአማትሽ ጉልበትስ? ሱራት ብርዱ ከእኛ ይጠናል ይላሉና ሌሊት እግርሽን ሸፍነሽ ተኚ። ደብዳቤሽ ከደረሰን አርባ ቀን አለፈው፤ አባባ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ብድግ ይልና ለሌላ ነገር የተነሳ መስሎ ውሃ ይጠጣል።

እኛ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን። አባባ ዓይኑ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ጉንጉን ሲያስር ጣቱ እንደ ድሮው ነው። አያቴም ጥርስ ባይቀራት ምላሷ እንዳለ ነው። ትናንት ወተት ሻጩን፣ «ልጄ ተጠንቀቅ፣ ውሃህ ውስጥ ትንሽ ወተት ገብቶብሃል» ስትለው መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። የማርጋዚ ወር ከገባ ጀምሮ በየደጁ በሩዝ ዱቄት ኮላም ይሳላል፤ የእኛን ደጅ የምስለው እኔ ነኝ፤ መስመሩ ግን አሁንም እንደ አንቺ ቀጥ አይልልኝም።

እንግዲህ ልናገር። አንቺ በተዳርሽ በሦስተኛው ወር ከእማማ ኩንጃማል ዘንድ የዜማ ትምህርቴን ስተው ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አበባው በዛ፣ አባባን ላግዝ ብዬ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸት ነው። እማማ ኩንጃማል ናቸው ያባረሩኝ።

ያን ዕለት በረንዳቸው ላይ ስምንት ልጆች ነበርን። ሌሎቹን ዝም አሰኝተው እኔን ብቻ ዘምሪ አሉኝ። አንቺ ያስተማርሽኝን ያቺን የቤተ መቅደሳችንን እመቤት ትንሽ መዝሙር፣ ደጅሽ ቆሜያለሁ የምትለዋን ዘመርኩ። ልክ እንደ አንቺ ሰባተኛዋ ድምፅ ኒ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እማማ ኩንጃማል ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ይቆጥሩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «የዚህች ልጅ ጉሮሮ ኒ ላይ ያልቃል። ላይኛዋን ሳ አትደርስባትም። ድምፅ የላትም፤ ሄዳ አበባ ትሥራ» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። ከማግስቱ ጀምሮ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ በአራቱም መንገድ ስሜ ኡማያል መሆኑ ቀርቶ «ኒ» ሆነ። በእኛ አፍ ኒ ማለት አንቺ ማለት ስለሆነ አያቴ እንኳ አልነቃችም። «ኒ! ነይ እንጂ ኒ!» ሲሉኝ ባልንጀሮቼ ለጨዋታ የሚጠሩኝ ይመስላት ነበርና፣ ምነው ሰው ሲጠራሽ አትሄጂም ብላ ትቆጣኝ ነበር።

ላንቺ መጻፍ አፈርኩ። ማርጋዚ በመጣ ቁጥር ሰው የማራጋታምን ድምፅ ያነሳል፤ የዚያች እህት ነኝ፣ ድምፅ የለኝም ብዬ እንዴት ልጻፍልሽ? አፌን ዘጋሁ። በማርጋዚ ማለዳ እየዘመሩ መንገዱን ከሚዞሩት ዘማሪዎች ኋላ የአበባ ቅርጫት ይዤ ስሄድ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ድምፅ አላወጣም። በልቤ ግን አንድ ቀን አላቆምኩም። አበባ ስሠራ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሩዝ ስለቅም ያቺው መዝሙር ውስጤ ትዞራለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህንንም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ወንዙ ዳር ወርጄ ሞክሬአለሁ። የልጅነት የድምፅ መሰላላችንን፣ ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ ሳ እያልኩ ስወጣ ላይኛዋ ሳ ትመጣልኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ መዝሙሯ ሳስገባት ግን መዝሙሯ ትሰበራለች። ይለምን የነበረ ሰው ድንገት መፎከር የጀመረ ይመስላል። እንግዲያው ሳዬ የውሸት ሳ ናት፣ ለመሰላል እንጂ ለዘፈን አትሆንም፣ ጥፋቱ የጉሮሮዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። አራት ዓመት እንደዚህ አስቤ ኖርኩ እትዬ።

አሁን ወደ ዛሬው ጠዋት ልምጣ።

ዘማሪዎቹ አራቱን መንገድ ዞረው ከቤተ መቅደሱ በር ፊት ቆሙ። መሪዋ ፓንካጃም ናት፤ የሩዝ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ የእማማ ኩንጃማል አንደኛ ተማሪ። ባለፈው ወር ከተማ ሄዳ በውድድር የብር ዋንጫ አምጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ አንገቷም እንደ ድምፅዋ ወደ ላይ ሆኗል። እማማ ኩንጃማል ብርዱ ይዟቸው ከቤት አልወጡም ነበር። ፓንካጃም ያቺኑ የእመቤቲቱን መዝሙር አነሳች። ኒ ላይ ደረሰች፤ አልተመለሰችም። ላይኛዋን ሳ ይዛ ወጣችና እዚያ ላይ ረጅም ቆመች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም እንግዲህ ድምፅ ማለት ይህ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

የቤተ መቅደሱ መለከት ነፊ ጋሽ ቫይቲሊንጋም ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። አፋቸው ላይ አድርገውት የነበረውን ረጅሙን መለከት፣ ናዳስዋራማቸውን፣ አወረዱና፣ «ልጄ፣ ሌባ ነሽ እንዴ? ጣራ ላይ ምን አወጣሽ? ይህ ቤት ፎቅ የለውም» አሏት።

ሰው ሳቀ። ፓንካጃም የምትበገር አይደለችም፤ ጋሽ ቫይቲሊንጋም ትንፋሽዎ አጥሮ እዚያ መድረስ ስላቃተዎት ነው አለቻቸው። እሳቸውም ትንፋሼስ አጥሯል፣ ጆሮ ግን እንደ ጥርስ አይረግፍም አሉና ተነስተው ቆሙ። ከዚያ ለሁላችንም መናገር ጀመሩ። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ እሞክራለሁ፤ አንቺ ምናልባት ታውቂው ይሆናል፤ እኔ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።

የዚህ ዜማ ራጋ፣ ድምፆቹ የሚሄዱበት ሥርዓት፣ ናዳናማክሪያ ይባላል አሉ። ከታች ከእግራችን ሥር ካለችው ኒ ይነሳል፣ ከፍ ብሎ ከራሳችን በላይ ያለችው ኒ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ላይኛዋን ሳ አይነካትም፤ አባቶቻችን እንዲህ ነው ያስረከቡን። ልጆቹ ሁሉ የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን መሰላል የተማሩት በእነዚሁ ድምፆች ስለሆነ ነው አሉ፤ ጉሮሯቸው ኒን ሲያይ እግሩ ራሱ ወደ ሳ ይሄዳል፣ በሬ በለመደው መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ። ሳ ላይ የወጣ ሰው ቤቱ ገብቷል፤ ደጅ የቆመ ለማኝ ግን ገና አልተከፈተለትም፤ ስለዚህ ኒ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። የከተማ ዘፋኞች ቀላል ራጋ ነው እያሉ በመጨረሻ፣ ሰው ጫማውን መፈለግ ሲጀምር ነው የሚዘፍኑት አሉ። «ቀላልስ ነው። ግን ቀላል ሆኖ የሚቀረው ጣራውን ላልነካ ሰው ነው።»

እትዬ፣ ክው አልኩ። ቅርጫቱ ከእጄ ወደቀ፤ ያ ሁሉ ቢጫ አበባ የሰው ኮላም ላይ ተበተነ። ሴቶቹ ሲጮሁብኝ እሰማለሁ ግን ጎንበስ ብዬ ማንሳት አቃተኝ። ኒ ላይ የሚያልቀው የእኔ ጉሮሮ አልነበረም። ዜማው ራሱ ነው። እኔ ልክ ነበርኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ያ ሁሉ ልጅ ሲስቅብኝ፣ ልክ ነበርኩ።

ዘማሪዎቹ ካለፉ በኋላ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ጋሽ ቫይቲሊንጋምን ተከትዬ የቤተ መቅደሱ ሠረገላ መጠለያ ድረስ ሄድኩና አንድ ነገር ልጠይቅዎት አልኳቸው። ዞር ብለው፣ የአምባላቫናን ልጅ አንቺም አፍ አለሽ እንዴ፣ እኔ እኮ እግዜር አበባ ብቻ የሰጠሽ ነበር የሚመስለኝ አሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ያቺን አንድ መስመር ዘመርኩላቸው። ድምፄ እንደ ትንኝ ነበር። ኒ ላይ ደረስኩ፤ ተመለስኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። «ድምፅ የለሽም ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ፤ እኔ ድምፅ የለኝም ሳልላቸው። አራት ዓመት ዝም ስል ያዩ ስለነበር ገብቷቸው ይሆናል። እማማ ኩንጃማል አልኳቸው። ያን ጊዜ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ኩንጃማል በእንቅልፏ እንኳ ይህን ራጋ ከተሳሳተች ናዳስዋራሜን ማገዶ አደርገዋለሁ፣ ሁለታችንም ከአንድ በረንዳ ነው የተማርነው አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቁን ተዉት። ሂጂና ራሷን ጠይቂያት፣ እኔ በሰው ቤት ጉዳይ አልገባም ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። እማማ ኩንጃማል ሻል ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሙዝ አበባ ይፈለፍሉ ነበር፤ እጃቸው በሙዙ ወተት ጠቁሯል። ሲያዩኝ አባቴ አበባ የላከ መስሏቸው እዚያ አስቀምጪው አሉ። ባዶ እጄን አሳየኋቸው። ከዚያ ፓንካጃም ዛሬ ምን እንዳደረገች፣ ጋሽ ቫይቲሊንጋም ምን እንዳሉ ነገርኳቸው። ምን ብዬ እንደጨረስኩ አላስታውስም፤ ብቻ ናዳናማክሪያ የሚለውን ስም ከአፌ ሲሰሙ የያዙት አበባ ከእጃቸው ወደቀ።

አላነሱትም። እንዳያለቅሱ ፈራሁ፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ተቀመጪ አሉኝና የሙዝ አበባውን ግማሽ ወደ እኔ ገፉልኝ፤ እየፈለፈልኩ ሰማኋቸው።

እትዬ፣ አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አንቺ በተዳርሽ በሦስተኛው ወር አባባ ወደ እሳቸው ሄዶ ነበር። የታምቡላም ቅጠል በሳህን፣ ሙዝና የጃስሚን ጉንጉን ይዞ። እማማ ኩንጃማል ስለ ትምህርቴ ሊያመሰግናቸው የመጣ መስሏቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ቅጠሉን ከተቀበሉ በኋላ እንቢ ማለት እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ከተቀበሉ በኋላ ነው ጉዳዩን የተናገረው። ለልጄ ድምፅ የለሽም ይበሏት አለ።

መጀመሪያ የተናገረው አልገባኝም ነበር አሉ እማማ ኩንጃማል። ልጅቷ ከእህቷ ትበልጣለች፣ ትንሽ ጊዜ ብትሰጠኝ የከተማ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ይሰማታል አሉት። እሱን ነው የፈራሁት ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ የተናገረውን እሳቸው እንደነገሩኝ እጽፍልሻለሁ፤ «አንዷ በማርጋዚ ማለዳ ስትዘምር ሰሟት፤ ወሩ ሳይሞላ በባቡር የሁለት ቀን መንገድ ወሰዱብኝ። ይህችንም ከሰሟት የጉንጉኑን ልጥ ሌላ ጫፍ ማን ይይዝልኛል?»

አማትሽ ለጸሎት መጥተው ደጅ ቆመው የሰሙሽን ያን ማለዳ አስታወስኩ። ሁላችንም ዕድሏ ነው እያልን ጨፍረን ነበር። አባባም ጨፍሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔም እማማ ኩንጃማልን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። ድምፅ የላትም ካሉ አይበቃም ነበር ወይ፣ ኒ ላይ ያልቃል ለምን አሉ አልኳቸው። እሳቸውም ሲመልሱልኝ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አላነሱም። ስሕተት ብፈልግብሽ አጣሁ አሉ። የሚታመን ውሸት ስላጣሁ የራጋውን ድንበር ወስጄ ያንቺ ጉድለት አደረግኩት። ሳምንት ሳይሞላ ለእህትሽ ትጽፊያለሽ፣ ማራጋታም አንብባ ትስቃለች፣ ኩንጃማል ጃጅታለች ብላ ትጽፍልሻለች፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ፣ እኔም ለአባትሽ የገባሁትን ቃል ጠብቄ፣ አንቺንም ሳላጣ እቀራለሁ ብዬ ነበር። በረንዳው ላይ እየተቀመጥኩ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም።

ይህን ስሰማ ከሁሉ በላይ ደነገጥኩ። አባባ የደበቀኝ አንድ ነገር ነው፣ እማማ ኩንጃማል የዋሹኝ አንድ ቀን ነው። አራት ዓመቱን ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ መስመር፣ ኡማያል ኒ ላይ ያልቃል አሏት ብዬ አንድ መስመር ብጽፍልሽ ኖሮ በሁለት ሳምንት መልስሽ ይመጣ ነበር። ላንቺ ስንት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ስለ ላሟ ጥጃ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አያቴ ጉልበት፤ ይህችን ግን አፍሬ ዋጥኳት። ለካ የሚያፍር ሰው ላይ የተነገረ ውሸት ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ራሱ በሩን ይዘጋዋል።

ስወጣ እማማ ኩንጃማል ከኋላዬ ጠሩኝ። ነገ የቲሩቫዲራይ በዓል ነው፣ አገሩ ሁሉ ከቤተ መቅደሱ ደጅ ይቆማል፣ ፓንካጃም በአንድ ቀን የጉሮሮዋን ልማድ አትተውም፤ ንጋት ላይ መጥተሽ ያቺን መዝሙር አንቺ አንሺ አሉኝ። ብርዱ ቢገለኝም ወጥቼ አጠገብሽ እቆማለሁ አሉ። እሺም እንቢም ሳልል ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ አባባ ለነገ የሚሆነውን ትልቁን የአምላክ ጉንጉን ጀምሮ ነበር። የሙዙን ልጥ አርሶ፣ ጫፉን ወደ እኔ ቦታ ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ሰላም እንኳ ሳልለው ተቀመጥኩና ያዝኩለት። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለውን ጉንጉን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም፤ አንዱ ካልወጠረለት ሌላው ቢያስር ይላላል። እሱ ቅጠሉን እያስገባ ያስራል፣ እኔ እወጥራለሁ፤ አራት ዓመት በየቀኑ ያደረግነው ነው። ዛሬ ግን ልጡ በእጄ ሁለት ጊዜ ላላ፤ አበቦቹ ወደ ኋላ ዞሩ።

አባባ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ሆነሻል፣ እጅሽ ቀዝቅዟል አለኝ። የማርጋዚ ብርድ ነው አልኩት። ሻሉን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና ሥራውን ቀጠለ።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር እትዬ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያ ሻል ሁሉንም አስረሳኝ። ግን ቂሙ አልጠፋም፤ እዚሁ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁለታችንን ፀጉር ሠርቶ ያሳደገን ሰው፣ እንዴት ስሜ ኒ ሲባል ዝም ብሎ ሰማ? እሱ እንደ አያቴ አይደለም፤ እሱ ኒ ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ልጆቹ በደጃችን እየጮሁ ሲያልፉ እጁ ልጡ ላይ ለአፍታ ሲቆም አይቼ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ስለ እኔ ያዘነ መስሎኝ ነበር። ለካ የራሱንም ሥራ ነበር የሚሰማው።

ደግሞ ሳስበው፣ እሱም ኒ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ነው እላለሁ። ከደብዳቤሽ እስከ ደብዳቤሽ ድረስ የሚጠብቅ፣ የማይከፈትለት። ዛሬ ምሳ ላይ አፌን ዘግቼ ዜማውን ውስጤ ሳዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ድሮ ኒ ላይ ስደርስ የምሰማው የእኔን ጉድለት ነበር። አሁን የምሰማው ውሃ ከንፈሩ ጋ ደርሶ ሳይጠጣ የተመለሰ ሰውን ነው፤ ግን ቂም የለውም፣ ተመልሶ ይመጣል። ሳን ሳይነኩ ሳን እንዲህ ማሰማት ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ለማን ልናገር? ካንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለኝም። አንቺ ሱራት ውስጥ ትዘምሪያለሽ ወይ? በደብዳቤሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም፤ እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። ለቴንሞዚም ቢሆን፣ እሺ?

አባባን እንዳትጽፊለት። ስድብም ምክርም አትላኪለት። ይህ በእኔና በእሱ መካከል ይሁን፤ ላንቺ የነገርኩሽ ዳግመኛ እንዳልዋጠው ነው።

ለጋሼ ኢላንጎ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ሳሉን በሞቀ ወተትና በእርድ ያክመው። አማትሽን እግራቸውን ነክቼ ሰላም እላለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም፤ ጥሩ ጆሮ ስላላቸው የመጣ ነው። ቴንሞዚን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ከዚያ ሳትሰማሽ አንዴ አንገቷ ሥር። አያቴ አማቺቱን አትፍሪ፣ ሩዙን ግን አታሳርሪ ብለሽ ጻፊላት ብላኛለች። ፖስታው ውስጥ ያለው የደረቀ የቱላሲ ቅጠል ከእሷ ነው። አባባ እንደወትሮው በርቺ በያት ብሏል፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ነገ ሳይነጋ የምንጨርሰው የጉንጉኑ ግማሽ ቀርቷል። ከአባባ ቀድሜ ተነስቼ እታጠባለሁ፣ ልጡን አርሳለሁ። ልማዴ ጎኑ መቀመጥ ነው፤ ነገ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ለምን እንዲህ አደረግክ ብዬ አልጠይቀውም፤ ብሞክርም ድምፄ ይጠፋብኛል። ጫፉን ይዤ አጥብቄ እወጥርለታለሁ፣ ያቺን መዝሙርም አፌን ከፍቼ እዘምራለሁ። ዝም በይ ቢለኝ አልተውም፤ ቢያለቅስም አልተውም። የመጨረሻውን አበባ እስኪያስር ድረስ አልለቅለትም፤ እስኪያስር ድረስም እዘምራለሁ። ከዚያ ጉንጉኑን ተሸክሜ እማማ ኩንጃማል ወደሚጠብቁኝ ደጅ እሄዳለሁ።

እህትሽ ኡማያል

ማናልቱራይ፣ ከካቬሪ ወንዝ ዳር፣ ከቲሩቫዲራይ በፊት ባለው ቀን